ለደቡብ ኦሞ መንገድ የዘይት ማቀዝቀዣ አገጣጠም

የካቲት ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ሰውና ጓዝ ጭኖ ከወይጦ ወደ ቀይ አፈር የሚወጣ መኪና ሞተሩ በሙሉ አቅሙ ይሠራል። ከፊት የሚገባለት ነፋስ ግን ትንሽ ነው፣ እሱም ትኩስ። ከቱርሚ ወጣ ብሎ የካስኬን ደረቅ አሸዋ የሚሻገር፣ ከማጎ ፓርክ ወደ ጂንካ ዳገቱን የሚመለስ መኪናም ችግሩ ያው ነው። «ኦይል ኩለር ላስገጥም ወይ?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከእንዲህ ያለ መንገድ መልስ ነው።

ገበያ ላይ የሚገኘው ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ባብዛኛው ለስፖርት መኪና ታስቦ የተሠራ ነው። ስፖርት መኪና በለሰለሰ አስፋልት ይሮጣል፣ ነፋስ አያጣም፣ ቢበላሽም ጋራዥ ሩቅ አይሆንበትም። የእኛ ሃርድቶፕና ፒክአፕ ጠጠር ይመታዋል፣ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ኦሞራቴ ወይም ሃና መንገድ ላይ ዘይቱን ቢያፈስ መካኒክ እስኪደርስለት ሰዓታት ያልፋሉ። ስለዚህ ከካርቶኑ የሚወጣውን ወረቀት ብቻ ተከትሎ መግጠም አያዋጣም።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ማቀዝቀዣ ስትገጥሙ እስከዛሬ ከሞተሩ ወጥቶ የማያውቀውን ዘይት በቱቦ እየመራችሁ ወደ ውጭ ታወጡታላችሁ። በመንገዱ ላይ ከስምንት ያላነሱ አዳዲስ መገጣጠሚያዎች ይፈጠራሉ። የዘይት ፖምፓ በከፍተኛ ዙር በደቂቃ ከ30 ሊትር በላይ ሊገፋ ስለሚችል፣ አንዷ መገጣጠሚያ ብትለቅ ኮፓ ውስጥ ያለው 8 ወይም 9 ሊትር ዘይት ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መሬት ላይ ነው። ከዚያ ብሮንዚኑ ይሄዳል፣ ሞተሩ ይነክሳል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚያተኩረው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ነው። ማቀዝቀዣው ራሱ ቀላሉ ክፍል ነው።

1. ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ጌጅ የሚያሳየው የውሃውን እንጂ የዘይቱን ሙቀት አይደለም። ውሃው መሀል ላይ ቆሞ ዘይቱ 125 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ዘይት ከውሃ ዘግይቶ ይግላል፣ ዘግይቶም ይበርዳል።

ጤነኛ የሞተር ዘይት ሲሠራ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ይገኛል። ረጅም ዳገት ላይ ለጥቂት ደቂቃ 115 ቢደርስ አያስደነግጥም። ከ120 በላይ ደጋግሞ የሚወጣ ከሆነ ግን ዘይቱ ቶሎ ይቃጠላል፣ ይቀጥናል፣ ብሮንዚኑንም በአግባቡ አይሸከምም። ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ይህኛው መኪና ነው።

ለመለካት ሁለት መንገድ አለ። አስተማማኙ የዘይት ሙቀት ጌጅ ከነሴንሰሩ ማስገጠም ነው። ለጊዜው ግን እየተነጣጠረ የሚለካው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይበቃል። ዳገቱን ጨርሳችሁ ሜዳ ላይ ስትደርሱ ቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ፣ ከዚያ የኮፓውን ጎን ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ለኩ። የሚለካው ቦታ ጥቁር ቀለም ያለው ወይም አቧራ የለበሰ ይሁን። የሚያብረቀርቅ ብረት የውሸት ቁጥር ይሰጣል። በውስጥ ያለው ዘይት ከውጪው ቆዳ ጥቂት ዲግሪ እንደሚበልጥም አስቡ። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደረግ የነበረው ቴርሞሜትር ለዚህ አይሆንም። እሱ የተሠራው ለሰው ትኩሳት ስለሆነ ከ40ዎቹ መጀመሪያ በላይ አያነብም።

የሃርድቶፕ ባለቤቶች ይህን ክፍል በተለይ ልብ በሉት። 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ሞተር ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ በውሃ የሚሠራ የዘይት ማቀዝቀዣ ከፊልትሮው አጠገብ አለው። ቱርቦ ካልተጨመረበትና ራዲያተሩ ጤነኛ ከሆነ ሌላ ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ጊዜ ጥቂት ነው። ቱርቦ የተጨመረበት፣ ጣሪያው ላይ ሁልጊዜ ጭነት የማይጠፋ ወይም ተጎታች የሚጎትት ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። መኪናው ስላማረበት ብቻ ማስገጠም ግን ጥቅም የሌለው መገጣጠሚያ መጨመር ነው።

2. ውሃውን አስቀድሙ

ዘይቱ ከፍ ብሎ ካገኛችሁት እንኳ መጀመሪያ የሚታየው ራዲያተሩ ነው። በቆላው ሣር ውስጥ የነዳ መኪና ራዲያተሩ በሣር ፍሬ፣ በነፍሳትና በአቧራ ተደፍኖ ይገኛል። ከኋላ ወደ ፊት፣ ማለትም ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በዝግታ በውሃ እጠቡት። ከቅርብ በኃይለኛ ግፊት ማጠብ ክንፎቹን ያጣምማል። የቬንቲላተሩን ክላች፣ የቺንጋውን ውጥረት፣ የራዲያተሩን ክዳን አይታችሁ እንደገና ለኩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ገንዘቡን ያተርፋል።

ሌላም ጉድ አለ። «መኪናው ይሞቃል» ሲባል ተርሞስታቱን አውጥቶ የመጣል ልማድ በየቦታው ይታያል። ጂንካ ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ጠዋቷ ቀዝቃዛ ነው። ተርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ለመሟሟቅ ብዙ ይቆያል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። ወጥቶ ከሆነ አዲስ ግዙና መልሱት።

3. ዕቃውን ምረጡ

*ማቀዝቀዣው።* ለእኛ ዓይነት መኪና ከ13 እስከ 19 ረድፍ ያለው ይበቃል። ትልቁ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም፤ የራዲያተሩን ነፋስ ይሸፍናል፣ ዘይቱንም ከሚገባው በላይ ያቀዘቅዛል። ያገለገለ ማቀዝቀዣ አትግዙ። ሶማሌ ተራ ጥሩ ዋጋ ብታገኙም እንኳ እለፉት። ሞተሩ ነክሶ ከተፈታ መኪና የወጣ ሊሆን ይችላልና። በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ውስጥ የቀረ የብረት ፍቅፋቂ በምንም እጥበት ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ ከእናንተ ሞተር ጋር መዞር ይጀምራል።

*ሳንድዊች ፕሌቱ።* በሞተሩና በዘይት ፊልትሮው መካከል የሚገባው፣ ዘይቱን ወደ ቱቦ የሚያወጣውና የሚመልሰው ክብ አሉሚኒየም ነው። ውስጡ ተርሞስታት ያለው መሆን አለበት። በ80 ዲግሪ አካባቢ የሚከፍት ከሆነ ጥሩ ነው። ከ80 በታች ሁሌ የሚሠራ ዘይት ውስጡ የሚገባውን እርጥበትና ነዳጅ አያተንም፣ ይቆሽሻል። በርካሽ የሚሸጠው ባለ ተርሞስታት ያልሆነው ለውድድር መኪና ይሁን እንጂ ጠዋት ከጂንካ ለሚነሳ መኪና አይሆንም። ለሴንሰር የተበሳ ቀዳዳ ካለው ጌጁንም እዚያው ትገጥሙበታላችሁ።

የመሀል ቦሎኑ ጥርስ ከሞተራችሁ ጋር መስማማት አለበት። ብዙዎቹ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ¾ ኢንች በ16 ጥርስ ናቸው፤ ሌሎች መኪኖች ላይ 20 ሚሊ ሜትር በ1.5 ይገኛል። ሁለቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ነው የሚለያዩት፣ አንዱ በሌላው ላይ ለጥቂት ዙር ገብቶ የገጠመ ይመስላል። በዓይን አትገምቱ። የመኪናችሁን ፊልትሮ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ቦሎኑ ላይ በእጃችሁ አስገቡት። እስከ መጨረሻው ሳይወዛወዝ፣ ሳይያዝ መግባት አለበት።

*ቱቦው።* ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። የሞተር ዘይት ግፊት ሲሞቅ ከ2 እስከ 5 ባር፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። የነዳጅ ቱቦ፣ የራዲያተር ቱቦና የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ለዚህ አልተሠሩም፤ በፋሼታ ቢታሰሩም ይለቃሉ። ስለዚህ ብዙ መካኒኮች ወደ ሃይድሮሊክ ቱቦ ይሄዳሉ፣ ልክ ናቸው፤ ግፊቱ ለሃይድሮሊክ ቱቦ ኢምንት ነው። የሚረሱት ሙቀቱን ነው። ለሎደርና ለትራክተር የሚሸጠው ተራው ሃይድሮሊክ ቱቦ የተፈቀደለት ሙቀት 100 ዲግሪ ነው። በእናንተ መኪና ውስጥ የሚፈሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ሞቆ ያስቸገራችሁ ዘይት ነው። እንዲህ ያለው ቱቦ ለጥቂት ወራት ይሠራል፣ ከዚያ ውስጡ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈነዳል። ቱቦው ላይ የታተመውን አንብቡ፤ ቢያንስ 135 ዲግሪ፣ ቢገኝ 150 የሚችል ይሁን። ጽሑፍ የሌለው ከሆነ አትግዙ። የውስጥ ስፋቱ 14 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ በገበያው ስም ኤኤን 10 የሚባለው፣ ይመጥናል። ጠባብ ቱቦ የዘይት ግፊቱን ይቀንሳል።

የቱቦው ጫፍ በፕሬስ የተጨመቀ ይሁን። በቁልፍ የሚፈታውና የሚገጠመው ዓይነት ለአስፋልት መኪና ደህና ነው፤ በጠጠር መንገድ መንቀጥቀጥ ግን በፕሬስ የተጨመቀውን እመርጣለሁ። ፋሼታ የሚባል ነገር በዚህ ሥራ ላይ አይግባ።

ሌላው ዕቃ፦ አዲስ ፊልትሮ፣ ሞተራችሁ የሚጠቀምበት ዘይት ከመደበኛው 1 ሊትር ጨምሮ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንጎላሬ፣ ናይለን ያለባቸው ዳዶዎች፣ ላስቲክ፣ የሽቦ መረብ፣ ትራፓኖ፣ የቁልፍ ስብስብ፣ ክሪክና መኪናውን የሚሸከም ጠንካራ መቆሚያ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ።

4. ቦታውን ወስኑ

ጥሩው ቦታ ከፊት ፍርግርጉ ኋላ፣ ከራዲያተሩ ፊት ነው። ከራዲያተሩ ወይም ከኤሲው ኮንደንሰር ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ተጣብቆ ከተቀመጠ በንዝረት ይፋተግና አንዱ ሌላውን ይበሳል። ከራዲያተሩ ስፋት ሩቡን ያህል ብቻ ይሸፍን። ወደ ላይኛው ክፍል አስጠጉት። ከፓራውልቱ ስር ባለው ክፍት ቦታ ነፋሱ ጥሩ ነው፣ ግን ከፊታችሁ የሚሄደው መኪና የሚወረውረው ጠጠርና የወንዝ መሻገሪያ ጭቃ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው።

መግቢያና መውጫ አፎቹ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይዙሩ። ወደ ታች ከዞሩ በላይኛው ክፍል አየር ታፍኖ ይቀራል፣ ግማሹ ማቀዝቀዣም ሥራ ፈት ይሆናል።

ከአንዳንድ ካርቶን ውስጥ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የሚሾልክ የፕላስቲክ ማሰሪያ ታገኛላችሁ። ጣሉት። ከጂንካ እስከ ቱርሚ ባለው ንዝረት ማሰሪያው እንደ መጋዝ ሆኖ ራዲያተሩን ይበላዋል፤ ዘይቱን አቀዘቅዛለሁ ስትሉ ውሃውን ታጣላችሁ። ከአንጎላሬው ሁለት መያዣ ቆርጣችሁ በራዲያተሩ ዙሪያ ካለው የቦዲ ፍሬም ጋር በቦሎን እሰሩ፣ ማቀዝቀዣውን ከመያዣው ጋር ስታስሩ በመካከል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አድርጉ። ላስቲኩ ንዝረቱን ይውጣል። ብየዳ ካስፈለገ መጀመሪያ የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ ንቀሉ። ቀዳዳዎቹንም መብራት እያለ አስቀድማችሁ ብሱ፤ መኪናው ተፈታትቶ ሳለ መብራት ቢሄድ ቀኑ አለቀ።

ፊት ለፊቱ የሽቦ መረብ አድርጉለት። ቀዳዳው የጠጠር ፍሬ የማያሳልፍ፣ ነፋስ ግን የማይከለክል ይሁን። የመስኮት የትንኝ ወንፊት አይሆንም፤ አንድ ቀን ሣር ውስጥ ከነዳችሁበት ይደፈናል።

5. ቱቦውን ለኩ፣ ከዚያ አሠሩ

ቱቦ የሚጨምቅ ፕሬስ ቅርብ ካልሆነና ልኩን ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሐዋሳ የምትልኩ ከሆነ የልክ ስህተት ቀናት ያስከፍላል። ማቀዝቀዣውን ቦታው ላይ እሰሩ፣ ሳንድዊች ፕሌቱን ለጊዜው በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ ያ አይሆንም ያልነውን የአትክልት ማጠጫ ቱቦ አምጡ። ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። ዘይቱ በሚሄድበት መንገድ ዘርጉት፣ ምልክት አድርጉበት፣ ቁረጡት፣ እሱኑ ለባለሙያው ላኩለት።

ስትዘረጉ እነዚህን ጠብቁ። ከጭስ ማውጫው ቢያንስ 7 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ካልተቻለ ሙቀት የሚከላከል ልባስ ይደረግበት። ከቬንቲላተሩ፣ ከቺንጋውና ከመሪው ዘንግ ይራቅ፤ መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ሁለቱም ጎን አዙራችሁ እዩ። በላሜራ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ላስቲክ ይግባ። ሞተሩ በጎማ ትራሱ ላይ ስለሚወዛወዝ ልኩ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ልል ጨምሩ። የተወጠረ ቱቦ ከጫፉ ይለቃል፣ በጣም የታጠፈ ደግሞ ውስጡ ይታነቃል። ለባለሙያው ርዝመቱን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ጫፍ ማዕዘን፣ ቀጥ ያለ፣ 45 ወይም 90 ዲግሪ መሆኑን፣ ሁለቱ ጫፎች ወደየት እንደሚተያዩም ጻፉለት።

ቱቦው ተሠርቶ ሲመጣ አዲስ ስለሆነ ንጹሕ ነው ብላችሁ አትመኑ። ሲቆረጥ የገባ የጎማና የሽቦ ብናኝ ውስጡ አለ። በንጹሕ ናፍጣ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ በኮምፕሬሰር ንፉት፣ ነጭ ጨርቅ ላይ የሚወጣው ንጹሕ እስኪሆን ድረስ። ማቀዝቀዣውንም እንዲሁ። ከዚያ እስክትገጥሙ ድረስ አፎቹን በፕላስቲክ ሸፍኑ፤ የጂንካ አቧራ ጊዜ አይፈጅበትም።

6. ሳንድዊች ፕሌቱን ግጠሙ

ሞተሩ ለብ ሲል ዘይቱን አፍስሱ። በጣም ትኩስ ዘይት እጅ ይልጣል፣ በጣም የቀዘቀዘው ደግሞ ቆሻሻውን ይዞ አይወርድም። ፊልትሮውን ፍቱ፣ ወዲያውም የድሮው ጓርኒሲዮን ከፊልትሮው ጋር መውጣቱን እዩ። ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ከላዩ ከገባ ሁለት ጓርኒሲዮን ይሆናል፤ ሲነሳ ይይዝ ይመስላል፣ ዙር ስትሰጡት ዘይቱን በአንድ ጊዜ ይተፋዋል። በጣም የታወቀ ስህተት ነው፣ አሁንም ይደጋገማል።

ፊቱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ የፕሌቱን ላስቲክ በአዲስ ዘይት ቀቡ፣ አፎቹ ቱቦው ወደሚሄድበት ዞረው የመሀሉን ቦሎን አስገቡ። የማጥበቂያው ልክ ከዕቃው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ያለው ነው። አሉሚኒየም ስለሆነ በረጅም ቁልፍ በጉልበት ማጥበቅ ጥርሱን ይልጠዋል። ፊልትሮውን በእጅ አስገቡ፤ ጓርኒሲዮኑ ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር ይበቃል። ፊልትሮው አሁን 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ስለወጣ ከፊት አክስል፣ ከሞተሪኖና ከስፕሪንግ ጋር እንዳይነካካ ሰው መከላከያው ላይ አስቁማችሁ መኪናውን እያወዛወዛችሁ እዩ።

ቱቦዎቹን ከማቀዝቀዣው ጋር የምታገናኙት በክፍል 7 እንደተባለው ዘይት ካፈሰሳችሁበት በኋላ ነው። ስታጠብቁ ሁልጊዜ በሁለት ቁልፍ ነው፤ አንዱ የታችኛውን ይይዛል፣ ሌላው ዳዶውን ያዞራል። በአንድ ቁልፍ ብቻ ከታገላችሁ የማቀዝቀዣውን አፍ ታጣምማላችሁ። ኮን ባላቸው የኤኤን ጫፎች ላይ ቴፍሎን አትጠምጥሙ። የሚይዘው ብረት በብረት ላይ ተጭኖ ነው፤ የተበጠሰ ቴፍሎን ግን ከዘይቱ ጋር ሄዶ ጠባቧን የዘይት መንገድ ይደፍናል። ካጠበቃችሁ በኋላ በእያንዳንዱ ዳዶና በታችኛው አካል ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል፣ በየጠዋቱ በዓይን ብቻ ታውቁታላችሁ። ይህች ቀለም ከዕቃው ሁሉ ርካሿ ናት፣ የሚያደርጋት ግን ጥቂት ሰው ነው።

7. ዘይት ሙሉና ሳይነሳ አሽከርክሩ

ማቀዝቀዣውን ከቱቦው ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት በአንዱ አፉ ዘይት አፍስሱበት። ባዶ ከሆነ ተርሞስታቱ በተከፈተበት ቅጽበት ዘይቱ እዚያ ይገባና ሞተሩ ለአፍታ ግፊት ያጣል፤ ያ የሚሆነው ደግሞ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሳለ ነው። ከዚያ ኮፓውን በመለኪያው ልክ ሙሉ።

አሁን አታስነሱት። በናፍጣ ሞተር ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍጣ መዝጊያ ሶላኖይድ ሽቦ ንቀሉ፤ በቤንዚን ሞተር የኢግኒሽኑንና የኢንጀክተሩን ፊውዝ አውጡ። በሞተሪኖ 10 ሰከንድ አሽከርክሩ፣ ሞተሪኖው እንዲቀዘቅዝ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ወይም ጌጁ እስኪነሳ ድረስ ድገሙት። ከዚያ ሽቦውን መልሱና አስነሱ። ዙር አትስጡ። አንድ ሰው መሪ ላይ ይቀመጥ፣ ሌላው የእጅ ባትሪ ይዞ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ይይ። አንድ ጠብታ ካየ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። ከ2 ደቂቃ በኋላ አጥፉ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ መለኪያውን አውጥታችሁ የጎደለውን ሙሉ። ሞተሩ ሞቆ ተርሞስታቱ ከከፈተ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ሁለተኛው ልኬት የሚዘለል አይደለም።

ያፈሰሳችሁትን ዘይት በጀሪካን አጠራቅሙት። ኔሪ ወንዝ ዳር የሚደፋ ዘይት ወርዶ ማጎ ነው የሚገባው።

8. በቅርብ ፈትኑ

የመጀመሪያው ጉዞ እንግዳ ጭኖ ወደ ኦሞራቴ አይሁን። ከተማ ውስጥ ዙሩ፣ ቆማችሁ እዩ። ከዚያ በአስፋልቱ እስከ ቀይ አፈር ሄዳችሁ ተመለሱ። ደህና ከሆነ ወደ ማጎ ወርዳችሁ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውጡ፣ እላይ ስትደርሱ በመጀመሪያው ደረጃ እንዳደረጋችሁት ለኩ። ከቀድሞው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ መውረድ አለበት። ምንም ካልወረደ ወይ ተርሞስታቱ አልከፈተም፣ ወይ ማቀዝቀዣው ነፋስ አያገኝም፤ ሳትነኩት እጃችሁን ወደ ማቀዝቀዣው አስጠግታችሁ ሞክሩ፣ ሞተሩ ሞቆ ማቀዝቀዣው ቀዝቃዛ ከሆነ ጥፋቱ የተርሞስታቱ ነው። ዘይቱ ሜዳ ላይ ከ80 በታች የሚቀር ከሆነ ደግሞ ተርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል።

የዘይት ግፊት በትንሹ መውረዱ ያለ ነው፤ መንገዱ ረዝሟል። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲዞር መብራቱ ብልጭ የሚል ከሆነ ግን ቱቦው ጠቧል፣ ወይም አንድ ቦታ ታንቋል። አትንዱት።

ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያም ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የቀለም መስመሮቹን፣ የመያዣውን ቦሎኖችና ቱቦው የሚነካካባቸውን ቦታዎች እዩ።

9. ለመንገድ የሚያዝ

ማቀዝቀዣ የገጠመ ሰው ሊለየው የማይገባ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፦ ሁለቱን ቱቦዎች አፍ ለአፍ የምታያይዝ፣ በሁለቱም ጫፏ ወንድ ጥርስ ያላት የኤኤን 10 ማገናኛ። ካንጋተን መንገድ ላይ ድንጋይ ማቀዝቀዣውን ቢበሳው ሞተሩን ወዲያው አጥፉ፣ ሁለቱን ቱቦዎች ከማቀዝቀዣው ፍቱ፣ በማገናኛዋ እርስ በርስ አገናኙ፣ የፈሰሰውን ዘይት ተኩ፣ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። ዘይቱ ማቀዝቀዣውን ትቶ ይዞራል፣ መኪናው እንደ ድሮው ይሆናል። ለዚህ ቢያንስ 5 ሊትር የታሸገ ዘይትና ለዳዶዎቹ ልክ የሚሆኑ ሁለት ቁልፎች መኪናው ውስጥ ይኑሩ። ፕሌቱ ራሱ ቢያስቸግር የሚመለሰው የፋብሪካው የፊልትሮ ቦሎንም አብሮ ይቀመጥ፤ ጋራዥ ውስጥ ትታችሁት አትሂዱ።

መኪናውን ለሌላ ሾፌር ስታስረክቡ ማቀዝቀዣ እንደተገጠመለት፣ ዘይቱ አሁን ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ማገናኛዋ የት እንዳለች አሳዩት፤ የቀለም መስመሮቹንም በየጠዋቱ እንዲያይ ንገሩት።